«እኔን» ያለችው ጀግና

ኦፌቅ ጆይስቲኩን ወደ ግራ ሳበና ቀዩን ቁልፍ ደጋግሞ ተጫነ። ቴሌቪዥኑ ላይ ነበልባል የምትባለው ጀግና ከሕንፃው ጫፍ ዘላ የኦሬንን ብረት ለበስ ሰው ደረቱን በጉልበቷ መታችው። ሰውየው ግድግዳ አፍርሶ ተዘረረ። ነበልባል ጎንበስ ብላ አየችውና ጮኸች።

«እኔን!»

«ምንድን ነው የምትለው?» አለ ኦሬን። የሠራዊት ጓደኛው ነው፤ ከአማርኛ የሚያውቀው ስድብ ብቻ ነው።

«ኦቲ» አለ ኦፌቅ፣ ቃሉን ወደ ዕብራይስጥ መልሶ። «‹እኔን› ማለት ኦቲ ነው።»

«እሷን ምን? ምረጡኝ ነው የምትለው?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። በኮምፒዩተር አስተርጉመውት ይሆናል።»

ኦሬን ሳቀ። «ሰው ገድላ ለምርጫ ትወዳደራለች!»

ኦፌቅም ሳቀና ቀልዱን ስልኩ ላይ ጻፈው። በማግስቱ ስለ ጨዋታው ለጻፈው ግምገማ መክፈቻ ሆነ።

ኦፌቅ ከኢትዮጵያ ከመጣ ቤተሰብ የተወለደው እስራኤል፣ አሽቀሎን ከተማ ነው፤ ሠላሳ ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል። ቀን ቀን ሚግዳል ገበያ አጠገብ ስልክ ይጠግናል። ከዚያ በተረፈው ጊዜ ለአንድ የዕብራይስጥ ድረ ገጽ ስለ ቪዲዮ ጨዋታ ይጽፋል። ብዕሩ ስለታም ነው ይባላል፤ እሱም ይህ ሲባል ደስ ይለዋል።

ነበልባል ያለችበት «ዘጠኙ ጋሻዎች» ቴል አቪቭ ያለ ትንሽ ኩባንያ የሠራው የልዕለ ጀግኖች መደባደቢያ ጨዋታ ነው። የውጭ አገር ሃያስያን ሥዕሉን አመስግነው፣ ታሪኩ ግን ሳስቷል ብለው፣ ከአሥር ስምንት ሰጡት። ተጫዋቾቹ ተከፋፈሉ። አንዱ ወገን ቡጢው ክብደት አለው አለ። ሌላው ወገን በረዶ የሚተፋው ጀግና ሁሉንም ያሸንፋል፣ የኢንተርኔት መስመሩም መሃል ላይ ይቋረጣል ብሎ ተሳደበ።

ኦፌቅ ከአሥር አራት ሰጠው። ስለ መስመሩም ስለ በረዶውም የጻፈው ጥቂት ነው፤ የቀረው በሙሉ ስለ ነበልባል ነበር። ከልጅነቱ ጀምሮ ቆዳዋ እንደ እሱ የሆነ ጀግና ሲጠብቅ ኖሯል። መጣች፤ የመጣችውም ትርጉም የሌለው ነገር እየጮኸች ነው። ‹አማርኛ የሚያውቅ አንድ ሰው መጠየቅ አቃታቸው› ብሎ ጻፈ። ንዴቱ የእውነት ነበር። እሱ ግን ማንንም አልጠየቀም።

ጽሑፉ ተሰራጨ። ተጫዋቾቹ ቀልዱን ከእሱ አፍ ነጠቁት። የተሸነፈ ሁሉ «ኦቲ!» ተባለ። ነበልባልን መርጦ የሚገባ ሰው ገና ሳይጀምር ይሳቅበት ጀመር።

አንድ ሰው ከጽሑፉ ሥር አማርኛ በዕብራይስጥ ፊደል ጻፈለት። ኦፌቅ አማርኛ ማንበብ ይከብደዋል። የመጀመሪያውን ቃል ፊደል በፊደል ለቀመው፦ «እናትህን»። በእሱ ሰፈር በዚህ ቃል የተጀመረ ነገር በደህና አያልቅም። ሌላውን ሳያነብ ሰውየውን አገደው።

ከሳምንት በኋላ ኩባንያው ይቅርታ ጠየቀ። ማኅበረሰቡን እናከብራለን፤ የነበልባል ድምፅ በሚቀጥለው ማሻሻያ ይቀየራል አለ። ኦፌቅ መግለጫውን ለኦሬን ላከለት፤ ከሥሩ «አሸነፍን» ብሎ ጨመረ።

ያን ዓርብ ጠዋት አክስቱን ትዋበችን በመኪና ወደ ጀልባ ማቆሚያው፣ ወደ ማሪና ወሰዳት። እናቱ ፋብሪካ በፈረቃ ስትሠራ ያሳደገችው ትዋበች ናት። ከጎንደር በሱዳን አድርጋ የመጣች ጊዜ ገና ልጃገረድ ነበረች። በምትኖርበት ሰፈር፣ ግቫት ጺዮን፣ መዋእለ ሕፃናት ውስጥ ረዳት ሆና ጡረታ እስክትወጣ ሠራች። በአማርኛ ታወራዋለች፤ በዕብራይስጥ ይመልስላታል። ሁለቱም ለምደውታል። አክስቴ ለማለት «ዶዳ» ይላታል።

ጀልባዎቹ አጠገብ ሲደርሱ ኦፌቅ ፊቱን ወደ እሷ አዙሮ የኋሊት እየሄደ ስልኩን ያሳያት ጀመር።

«ይኸው፣ ዶዳ። ይቅርታ ጠየቁ። እኔ በጻፍኩት!»

«አየሁ።»

«ምነው ዝም አልሽ?»

«አንተ እየተናገርክ አይደል እንዴ።»

ተረከዙ የጀልባ ገመድ ያዘው። ስልኩ ወደ አንድ ወገን፣ እሱ ወደ ሌላው ሄዱ።

«እኔን!»

መሬት ሳይደርስ ነው ድምፁ የደረሰው። ያው የነበልባል ቃል ብቻ አይደለም፤ ያው ከፍታ፣ መጨረሻው ላይ ያው ስብራት። ኦፌቅ በወደቀበት ተቀመጠ።

«ተጎዳህ እንዴ? እጅህን አሳየኝ።»

«ዶዳ» አለ። «ያቺ አንቺ ነሽ?»

«ተነስ እባክህ፣ ሰው ያያል።»

«አንቺ ነሽ?»

«ኡልፓን ልሄድ ነው ብዬህ አልነበር?»

ብላው ነበር። ክረምት ላይ፣ ቴል አቪቭ ኡልፓን እሄዳለሁ አለችው። ዕብራይስጥ የሚማሩበት ቤትም ድምፅ የሚቀዱበት ቤትም ስሙ ኡልፓን ነው። ኦፌቅ «አሁን በጡረታሽ ዕብራይስጥ ልትማሪ?» ብሎ ስቆባት ነበር። እሷም አብራው ሳቀች፤ ወሬው እዚያው ቀረ።

አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ትዋበች መሐረቧን አውጥታ መዳፉን ጠረገችለት።

«ነታ የምትባል ልጅ ነበረች እኔ ዘንድ፣ መዋእለ ሕፃናት። ፀጉሯ ቀይ። አንድ ቀን ከዥዋዥዌው ወድቃ ያልኳትን አልረሳችም። አድጋ እዚያ ኩባንያ ገብታ ኖሮ፣ ፈልጋ አገኘችኝ። አለቃዋ መጀመሪያ ‹ሙት!› በይ አለኝ። ወድቆ ለተዘረረ ሰው? አልልም አልኩት። ‹ታዲያ ምን ትያለሽ?› አለ። የምለውን አልኩ።»

ኦፌቅ መዳፉን እያየ አዳመጠ።

«ታውቀዋለህ እኮ ምን ማለት እንደሆነ» አለች። ከዚያ በዕብራይስጥ ጀመረች፤ ለእሱ ስትተረጉም ይህ የመጀመሪያዋ ነው። «ኦቲ። በእሱ ፈንታ እኔን ይምታኝ። እኔን ይጣለኝ።»

ኦፌቅ ያውቀዋል። ብስክሌት ሲማር፣ ደረጃ ሲወርድ፣ ጥርሱ ሲሰበር ሰምቶታል። በር ሲዘጋ እንደሚሰማ ድምፅ ለምዶት ነበር እንጂ ትርጉም ያለው ቃል ነው ብሎ አስቦ አያውቅም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ድምፄን ትለያለህ ብዬ ነዋ።» መሐረቧን አጠፈች። «የሙዓዶኑ ሴቶች ‹ልጅሽ ስላንቺ ምን ጻፈ?› ይሉኛል። ያው የጡረተኞች መሰብሰቢያ ነው፣ ሌላ ወሬ የለም። ገና አልጻፈም እላቸዋለሁ።»

ወደ ቤቷ ካደረሳት በኋላ መኪናው ውስጥ ሆኖ ያገደውን ሰው ፈታ። ዐረፍተ ነገሩን እየተንተባተበ እስከ መጨረሻው አነበበው። «እናትህን ጠይቅ፣ ስትወድቅ ምን ትልህ እንደነበር።»

እሑድ ጠዋት ለነታ ደወለ። ኩባንያው ውስጥ የድምፅ ክፍል ኃላፊ ናት።

«አሁን ገባህ?» አለችው።

«የአክስቴ ድምፅ መሆኑን አላወቅኩም።»

«ለዚያ ቃል ተከራክሬያለሁ። ከዚያ ያንተ ጽሑፍ ወጣ። አንተ ኢትዮጵያዊ ነህ፣ እኔ ቀይ ፀጉር ያለኝ የአሽቀሎን ልጅ። ማንን ያምናሉ? እውነቱን ልንገርህ፣ እኔም ራሴን ተጠራጠርኩ።»

«መልሱት።»

«ባለበት ከተመለሰ እንደገና ይስቁባታል። መጥታ ሌላ ትቅዳ፣ ረዘም ያለ፣ ሰው እንዲገባው። ያን ጊዜ አለቃዬን እለምነዋለሁ። ቶሎ ግን።»

ኦፌቅ ሱቁን ዘግቶ ግቫት ጺዮን ሄደ። ትዋበች በረንዳዋ ላይ ልብስ እያሰጣች አዳመጠችው፤ መቆንጠጫ ባቀበላት ቁጥር ትቀበለዋለች። እሱ መሄጃውን መኪና፣ የሚባለውን ቃል፣ የሚጽፈውን አዲስ ግምገማ ሁሉ አሰናድቶ ነበር።

«አይሆንም» አለች።

«ዶዳ፣ በሞቴ። የኔ ጥፋት ነው።»

«አልተቀየምኩህም። ግን ‹እኔን› ሰው አስቦ የሚለው ነገር አይደለም። ሰው ሲወድቅ ካፍህ ያመልጥሃል። አሁን ሄጄ ልበል ብል፣ እነዚያን የሳቁትን እያሰብኩ ነው የምለው። ውሸት ይሆናል።»

«አንዴ ብቻ።»

«አንዴ ብያለሁ እኮ» አለች።

ኦፌቅ እርማት ጻፈ። ቀልዱ የእሱ እንደሆነ፣ ስህተቱም የእሱ እንደሆነ፣ ድምፁ ያሳደገችው ሴት ድምፅ እንደሆነ ጻፈ። የመጀመሪያውን ካነበቡት ጥቂቶቹ ብቻ አነበቡት። አንዱ «እሺ፣ መስመሩስ መቋረጡን መቼ ይተዋል?» ሲል መለሰ። ሌላው «ኦቲ» ብሎ ብቻ ጻፈ። ኦፌቅ ማንንም አላገደም።

ማሻሻያው በዚያው ሳምንት ወጣ። ነበልባል አሁን ሰው ስትጥል እንደ አንበሳ ታገሣለች።