እማዬ ኮሚክ የገዛች ቀን

ባለፈው ሳምንት ጳውሎስ አካባቢ የምሠራበት ፋርማሲ ጓዳ ጣሪያው አፍስሶ ካርቶኖቹ ረጥበው አደሩና፣ ጠዋት አንዱን ከፍ ሳደርገው ያ የበሰበሰ ወረቀት ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ሻጋታ ሻጋታ የሚል፣ ከስሩ ቀለም የሚሸት ነገር ነው። ባልደረባዬ አፍንጫዋን ይዛ ስትሸሽ እኔ ካርቶኑን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ። ጉለሌ ያደግንበት ቤት፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው፣ ከወንድሜ ከዮኒ ጋር አንድ ብርድ ልብስ ተከናንበን ኮሚክ ስናነብ ታየኝ።

ዮኒ በሦስት ዓመት ይበልጠኛል። ክረምት ትምህርት ሲዘጋ፣ ዊንጌት ታክሲ መያዣው አጠገብ ላስቲክ አንጥፈው አሮጌ መጽሐፍ ከሚሸጡት ከጋሽ በቀለ ኮሚክ እየተከራየ ያመጣ ነበር። በሥዕል የሚተረክ፣ ንግግሩ ከሰዎቹ አፍ በሚወጣ አረፋ ውስጥ የተጻፈ የእንግሊዝኛ መጽሔት ነው። ከየት እንደሚያገኟቸው እንጃ፤ ሽፋናቸው የተገነጠለ፣ መጨረሻቸው የጎደለ፣ ቀለማቸው ጣት ላይ የሚቀር ነበሩ። ፍራሹ ላይ በደረታችን ተኝተን አንዱን ለሁለት እናነባለን፤ እሱ ፈጣን ነው፣ እኔ እያንዳንዱን ሥዕል ካልመረመርኩ አላልፍም።

«ጨረስሽ?»

«ቆይ!»

«አንቺ ልጅ፣ እያነበብሽ ነው እየጸለይሽ?» ይለኝና ገጹን ሳልጨርስ ይገልጠው ነበር።

እማዬ ለብቻዋ ነው ያሳደገችን። የተማሪ ዩኒፎርም ትሰፋለች፣ እሑድ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ትዘምራለች፤ እንግሊዝኛ ስለማታነብ ኮሚኮቹን የምትመረምረው በልብሳቸው ነበር። «በኢየሱስ ስም! ሱሪው ላይ የውስጥ ሱሪ የሚደርብ ምን ዓይነት ጀግና ነው?» ትል ነበር። ወንዶቹንስ ታልፋቸዋለች፤ ሴቶቹን ግን እስክሪብቶ አንስታ እጅጌ ትቀጥልላቸው፣ ቀሚሳቸውን እስከ ጉልበታቸው ታወርድላቸው ነበር። ሙያዋ ነውና ልኩን አትስትም፣ እንዲያውም አንዳንዷ ከበፊቱ አምሮባት ትወጣ ነበር። ጋሽ በቀለ ኮሚኩ ሲመለስላቸው እየሳቁ «ዛሬ ደግሞ ማንን አለበሰች?» ይሉን ነበር፤ ተቆጥተውን አያውቁም።

መስከረም ሲጠባ የዩኒፎርም ሥራ ይበዛል፣ እማዬም እስኪመሽ ከስፌት መኪናዋ አትነሳም ነበር። ለመርፌ ክር የሚያስገባላት ዮኒ ነው፤ አንዴ ምራቁን ነካ አድርጎ ሽው ያደርገዋል። አንድ ቀን አመሻሹ ላይ መርፌውን ይዞ ቆሞ ቀረ።

«አትቀልድ፣ ሥራ አለብኝ» አለችው።

«እማዬ፣ ቀዳዳው አልታየኝም።»

እኔ መስኮቱ አጠገብ ሆኜ ቀዳዳውን አየው ነበር። ከዚያ በኋላ ዮኒ ገና ጀንበር ስታዘቀዝቅ በርጩማ ይመታው፣ ደጃፉ ላይ ይደናቀፍ ጀመር። ጎረቤታችን እትዬ አስካለ «ዳፍንት ነው፣ ጉበት አብሊው፣ ይለቀዋል» ስላሉ፣ እማዬ ከሥጋ ቤት ጉበት እየገዛች እሱን ብቻ ታበላው ነበር። በዚህም አላበቃችም። «ያ ደቃቃ ጽሑፍ ነው ልጄን የበላብኝ» ብላ ኮሚክ ቤታችን ድርሽ እንዳይል ከለከለች። ለኮሚክ ነፍሴን የምሰጥ ልጅ፣ ክልከላው ደስ አለኝ። ጥፋቱ የኮሚክ ከሆነ፣ ኮሚክ ሲቀር ዮኒ ይድናል ማለት ነዋ!

ዮኒ ግን ይቀልድ ነበር። «ኮሚክ ላይ ሰው አንድ ነገር ሲጎድልበት በምትኩ ኃይል ይሰጠዋል፤ ለኔ እስካሁን የተሰጠኝ ጉበት ብቻ ነው» ብሎ ያስቀን ነበር።

እስከ ገና ድረስ በጸሎት አሳለፍን። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች እየመጡ እጃቸውን ጭነው ይጸልዩለታል፣ «አሁንስ እንዴት ነው?» ሲሉት ደግሞ እንዳያሳዝናቸው «ትንሽ ይሻላል» ይላቸዋል። ጥር ላይ እማዬ ጳውሎስ ሆስፒታል ይዛው ትመላለስ ጀመር። አንድ ቀን እኔም አብሬ ሄጄ ከዮኒ ጋር አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለን ሳለ፣ ሐኪሙ እሷን ብቻዋን አስጠራት። ስትወጣ አላለቀሰችም። «ምን አለሽ?» ስንላት «እግዚአብሔር ትልቅ ነው» ብላ ሻሿን አስተካክላ ቀደመችን። ሐኪሙ ያላትን የነገረችኝ ካደግኩ በኋላ ነው፦ የዓይኑ ውስጥ ጥቂት በጥቂት እየደረቀ ይሄዳል፣ በዘር የሚመጣ ነው፣ ማንበቡ ምንም አላደረገው፣ መድኃኒትም የለውም ብሏት ኖሯል።

ዊንጌት ከታክሲ ስንወርድ ወደ ቤት የምንታጠፍ መስሎኝ ነበር፤ እሷ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ ጋሽ በቀለ ፊት ቆመች።

«የኔ ጌታ፣ የምትወደውን ምረጥ» አለችው ዮኒን።

«እማዬ፣ የምርሽን ነው?»

«ምረጥ አልኩህ እኮ!»

ዮኒ ተንበርክኮ ያገላብጥ ጀመር፣ አንዱን ያነሳል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ቀና ብሎ ያያታል። እማዬ ሽንኩርት ስትገዛ እንኳ ሻጩን የምታማርር ሴት ናት፤ ያን ቀን ዋጋ አልተከራከረችም። ጋሽ በቀለ አንዴ እሷን አንዴ እሱን እያዩ የመረጠውን በጋዜጣ ጠቀለሉለት። የገዛችውን ገልጣ ስላላየች ሴቶቹ እንደተራቆቱ ቤት ገቡ። ዮኒ ደስታውን አልቻለውም፣ «እማዬን ምን ነካት?» እያለ ይጠይቀኛል፤ እኔ ግን ገብቶኛል። ይድናል ብላ ብታምን ኖሮ አትገዛለትም ነበር። ለኔ ተስፋው ያን ቀን ተቆረጠ።

የሚቀጥለው ክረምት እንደ ጉድ ያነበበበት ክረምት ነበር። እማዬ በየሳምንቱ ትገዛለታለች፣ እሱም ጎኑን ወደ መስኮቱ አድርጎ ከጠዋት እስከ አመሻሹ አይነሳም። ዓይኑ እንደ ቱቦ እየጠበበ መጥቶ፣ በአንድ ጊዜ አንዲት ሥዕል ብቻ ነበር የምትታየው፤ «ጥሩ ነው፣ የሚቀጥለውን ቀድሜ አላይም» ይለኝ ነበር። ከዚያ አንዲቷም ጠበበች፣ ከዓመታት በኋላም ጠፋች። እኔ አጠገቡ ሆኜ «አሁን ሰማይ ላይ ነው፣ ካባው ቀይ ነው» እያልኩ ልነግረው ሞከርኩ። ታግሶ ሰማኝና አንድ ቀን «ተይው በቃ፣ ሥዕል አይወራም» አለኝ። ከዚያ ወዲያ ስለ ኮሚክ አውርተን አናውቅም።

ዛሬ ቁስቋም ዳገቱ ላይ በተከራየነው ቤት ሦስታችንም አብረን እንኖራለን። እማዬ አርጅታለች፣ ጸሎቷን ግን አላቆመችም። ዮኒ ሬዲዮ ይሰማል፤ ሥራ ፈልጎ ፈልጎ ሰልችቶት ተወው፣ ቀልዱንም ከተወ ቆየ። እኔ ኮሚክ አልተውኩም። አዲሶቹ ከስልክ ላይ የሚነበቡ ናቸው፤ ቀለማቸው ያበራል፣ ገጽ አይጎድላቸውም፣ ሥዕሉን በጣት ዘርግቶ የፈለጉትን ያህል ማተለቅ ይቻላል። ይህ ሁሉ ምቾት የመጣው ለማን እንደሆነ እንጃ፣ እኔን ያናድደኛል። ታሪካቸውም አይጥመኝም፤ ክፉው ማን፣ ደጉ ማን አይለይም፣ ጀግናው ይሞትና ሁለት እትም ሳያልፍ ይነሳል፣ ደግሞ ሁሉም ነገር ተሰርዞ እንደ አዲስ ይጀመራል። ቀላል ነው እንዴ እንደ አዲስ መጀመር? ቢሆንም አነባለሁ፣ የለመደች እጅ ምን ይደረጋል።

ከሥራ ገብቼ ስቀመጥ ዮኒ ፊቱን ወደ እኔ ያዞራል።

«ምን እያየሽ ነው?»

«ምንም፣ ስልክ እየነካካሁ ነው።»

ያኔ አንዷን ቡትቶ ኮሚክ ለሁለት ነበር የምናነባት፤ ዛሬ ሺሁ ስልኬ ውስጥ አለ፣ ፊት ለፊቱ ቁጭ ብዬ ለብቻዬ እጨርሰዋለሁ።