ፍላሹ የበራ ዕለት

ፎቶ ማንሳት መተዳደሪያዬ አይደለም። ወልድያ ውስጥ የቢሮ ሠራተኛ ነኝ፤ የዕረፍት ቀኔ ሲደርስ ግን ያገለገለች ካሜራዬን አንግቼ የሰው ፊት ፍለጋ እወጣለሁ። ያን ሰሞን ፎቶ ሲነሳ ቦግ የሚል መብራት፣ ፍላሽ፣ ገዝቼ ነበር፤ ከነማቆሚያው፣ ብርሃኑን ከሚያለዝበው ነጭ ጃንጥላው ጋር። ቤቴ ውስጥ የጀሪካን ፎቶ እያነሳሁ ተለማመድኩና በሰው ልሞክረው ቸኮልኩ።

አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ይህን ሰምታ እናቷን እንዳነሳላት ጠየቀችኝ። እናቷ የሚኖሩት መርሳ ነው። በጦርነቱ ጊዜ ቤታቸው ሲቃጠል አልበሙም አብሮ ስለነደደ፣ የእናቷ አንድ ፎቶ እንኳ አልተረፈም።

ቅዳሜ ጠዋት አብረን በሚኒባስ ወረድን። እናቷ አዲስ ሻሽ አስረው ጠበቁን። መስኮቱ ትንሽ ስለሆነ ክፍሉ ጨለም ይላል። ፍላሹን ተከልኩ፣ ወንበር አስጠጋሁ፤ እሳቸውም «ቢስሚላህ» ብለው ተቀመጡ። ምን እንደማደርግ ግን አልነገርኳቸውም። ስለ ብርሃኑና ስለ ርቀቱ ስጨነቅ የማነሳውን ሰው ረሳሁት።

የካሜራውን ቁልፍ ተጫንኩት። ክፍሉ ነጭ ሆነ።

ሴትየዋ አልጮኹም። ከወንበሩ ተንሸራተው ወደቁና እጃቸውን ራሳቸው ላይ አድርገው ተኮማተሩ። ፍላሹ እንደገና ኃይል ሲሞላ ሲጥ የሚል ቀጭን ድምፅ አለው፤ ያን ሲሰሙ ወደ አልጋው ሥር መዳኽ ጀመሩ። «ልጆቹን አስገቡ፣ ልጆቹን አስገቡ» ይላሉ ዝግ ባለ ድምፅ። ልጃቸው ብትጠራቸው፣ ብትነቀንቃቸው መልስ የለም።

የገደልኳቸው መሰለኝ። ጣቶቼ የፍላሹን ማጥፊያ ማግኘት ስላቃታቸው ባትሪውን መንጭቄ አወጣሁት። ጎረቤት በር ላይ ተሰበሰበ፤ አንድ ሰው ጃንጥላውን እያየ ይህ ምንድን ነው ቢለኝ ባጃጅ እንዲጠራልን ለመንኩት። በባጃጅ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው።

ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ባልደረባዬ ነገረችኝ። በጦርነቱ ጊዜ ጎረቤት ግቢ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ነበር፤ መጀመሪያ ብርሃኑ፣ ከዚያ ድምፁ። እናቷ ይህን አንስተው ስለማያውቁ የረሱት መስሏት ነበር። እኔ ራሴ በዚያ ጊዜ ወልድያ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ በር በኃይል ሲዘጋ የምደነግጥ ሰው እንዴት ይህን አላሰብኩም?

ሐኪሙ የደም ግፊታቸው በድንጋጤ እንደጨመረ፣ ካረፉ እንደሚሻላቸው ነገረን። እኔን ግን ፍርሃቱ አልለቀቀኝም። ሁለት ሳምንት ካሜራ አልነካሁም። ቢሮ ውስጥ ባልደረባዬ ወደ ጠረጴዛዬ ስትመጣ መርዶ ይዛ የመጣች ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን መጥታ እናቷ እንደፈለጉኝ ነገረችኝ። «ያ ልጅ ይምጣ፤ መብረቁን ግን እዚያው ይተወው» ብለዋል።

ሄድኩ። ሲሪንቃ ላይ ወርጄ ልመለስ ሁሉ ቃጥቶኝ ነበር። በዚህ ጊዜ ወንበሩን በሩ አጠገብ፣ የውጭው ብርሃን ከሚደርስበት አኖርኩት። ካሜራውን እጃቸው ላይ አስቀምጬ መብራት እንደሌለው አሳየኋቸው። ድምፁን እንዲለምዱት ግድግዳውን ሦስት አራት ጊዜ አነሳሁ። ራሳቸውን አዘንብለው አዳመጡ።

ከዚያ ወደ እሳቸው ሳዞረው እጄ ተንቀጠቀጠ። የመጀመሪያዎቹ ፎቶዎች ሁሉ ደበዘዙ። ሲያዩኝ ቆዩና፣

«ልጄ፣ አንተም ፈራህ?» አሉኝ።

«አዎ እማማ፣ ፈራሁ።»

«እንግዲያ ቀስ በል። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ሰባተኛው ጥርት ብሎ ወጣ። ፈገግታ የለውም። ዓይናቸው በቀጥታ ያያል፤ ቀኝ እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጭምቅ አድርጎ ይዟል። እጃቸውን ከፎቶው ቆርጬ ፊታቸውን ብቻ ላሳትም አስቤ ነበር፤ ባልደረባዬ ግን እንዳለ ይሁን አለች። እናቷ ወንበሩን ይዘውም ቢሆን መቀመጣቸውን ልጆቻቸው እንዲያዩ ፈልጋለች።

ፎቶው አሁን መርሳ፣ እሳቸው ቤት ግድግዳ ላይ ነው። ፍላሹን ሠርግ ለሚያነሳ ወዳጄ ሰጠሁት።