ዳገት ላይ የጮኸ ክዳን

ባለፈው ሳምንት የልጄ ባል ጀማል አዲስ የገዛትን አሮጌ መኪና ሊያሳየኝ እዚህ ማስካት፣ ከሰፈራችን ከሐምሪያ ይዞኝ ወጣ። መኪናዋ ለእሱ አዲስ ናት እንጂ ከእሱ በፊት የነዳት ጎረምሳ አንጀቷን ጨርሶ ነው የሸጠለት። እንድታምር ብሎ ሞላዋን አሳጥሮ ዝቅ ስላደረጋት ሆዷ መሬት ሊነካ ትንሽ ነው የቀረው። ጀማል ወደሚሠራበት ወደ ሩሰይል ስንሄድ፣ ዳገቱን ስንጀምር ወንበሬ ከሥሬ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

«ጎማው ነው እማ፤ ነገ ባላንስ አሠራዋለሁ» አለኝ።

«እግርህን ከነዳጁ ላይ አንሳ» አልኩት።

«ለምን?»

«አንሳ አልኩህ። በራሷ ትሂድ።»

አነሳ። ንዝረቱ ጠፋ። መልሶ ሲረግጥ ተመልሶ መጣ።

«ጎማ አይደለም። ከሞተሩ ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ ነው። ሲያወርዷት መስመሩን ስቷል» አልኩት።

ጀማል ሳቀ። «ጋራዥ እንክፈትልሽ እንዴ? ይህን ደግሞ ከየት ተማርሽው?» አለኝ። እኔ የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱም ያውቃል። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። እሱም ሙቀቱ የከበደኝ መስሎት ማቀዝቀዣውን ጨመረው።

ነገሩ የቆየ ነው፤ ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ከወሎ፣ ከሐርቡ አካባቢ ወጥቼ እዚሁ ማስካት፣ ሩዊ አጠገብ ባለ አንድ ቤት በሠራተኝነት ገባሁ። የቤቱ ጌታ ባባ ሳሊም ጢማቸው የሸበተ፣ ቁጣቸው ቶሎ የሚነሳ ግን በአምስቱም ሰላት ላይ የሚገኙ ሰው ነበሩ። ሚስታቸውን «ማማ» ነበር የምላት። ትልቁ ልጃቸው ኻሊድ ሃያ ዓመት ሞልቶታል፤ ሁለቱ ትንንሾች ገና ተማሪዎች ናቸው። ሹፌሩ ደግሞ የአገሬ ልጅ ሰይድ ነበር። ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ እጁን ያፍታታ፣ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ ሰው።

እሱ የሚኖረው በግቢው በር አጠገብ ባለች ክፍል ነው፤ እኔ ደግሞ ከኩሽናው ኋላ። የምንነጋገረው ዕቃ ገዝቶ ሲመጣ በኩሽናው መስኮት ነበር። ሽንኩርቱን ያቀብለኛል፣ አንድ ነገር ይለኛል፣ ይሄዳል። በአንድ ዓመት ከመንፈቅ ውስጥ እንዲህ በቁንጽል የተነጋገርነው ተጠራቅሞ ትዳር ሊሆን ደረሰ። ኮንትራታችን ሲያልቅ ኒካ ልናስር ተስማምተን፣ እሱም ለአባቴ ሽማግሌ ልኮ ነበር።

«ቃዲዋ» ነበር የሚለኝ። ምክንያቱም እኔ ፍርድ ሲጓደል ዝም ማለት አልችልም። ከልጅነቴ እንዲሁ ነኝ። ሥጋ ሲከፋፈል ለአንዱ አጥንት ብቻ ከደረሰ የራሴን አንስቼ እሰጣለሁ፤ ከዚያ ግን ያከፋፈለውን ሰው ሳልናገር አላድርም። ልጆቼ ዛሬም ይህን ጠባዬን አይወዱትም።

የቤቱ መኪና ረጅም የአሜሪካ መኪና ነበር። ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ስናደርስ ከኋላ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ባባ ለአንድ ወር ለሥራ ወደ ሩቋ ሰላላ ከተማ ሄደው ተመለሱና መሪውን ቢይዙ መኪናው ተንቀጠቀጠባቸው። ሲገቡም «ወንበሩ ወደ ታች ራቀብኝ፤ ጉልበቴ አርጅቷል» እያሉ ያጉረመርሙ ነበር። ጎማ ቤት ወስደው ባላንስ አሠሩ፤ አልተወም። ደግመው ወሰዱት፤ አልተወም። ያን ጊዜ ሰይድን ጠሩት።

«እኔ ሳልኖር የመንገድ ጠርዝ ላይ ወጥተህ ቸርኬውን አጣመሃል» አሉት።

«አልወጣሁም፣ ባባ።»

«ታዲያ ጂን ነው ያጣመመው? ከቅዳሜ ጀምሮ ልጆቼን አትነዳም። ወደ እርሻ ትሄዳለህ።»

እርሻው ከከተማው ወጣ ብሎ ባርካ ነው፤ ቴምርና ፍየል አለበት። ሩቅ አይደለም። ግን ከሹፌርነት ወደ ፍየል ጠባቂነት መውረድ ለሰው ልጅ ትንሽ ነገር አይደለም። ባላጠፋው ጥፋት ሲሆን ደግሞ እኔ አንጀቴ አልቻለም። ሰይድ በመስኮቱ ቲማቲም ሲያቀብለኝ ያዝኩት።

«የጠርዙ ድንጋይ ላይ ወጥተሃል?»

«አልወጣሁም።»

«ታዲያ ለምን አትከራከርም?»

«ተይው፣ ዘሀራ። ከፍየሎቹ ጋር እስማማለሁ። ከአንቺ ይሻላሉ፤ መልስ አይሰጡም።» ሳቀ። ዓይኑ ግን አልጠፋም። ይህን ያኔ አላስተዋልኩትም፤ አሁን ነው የማስተውለው።

ዓርብ መጣ። ወሩ ሙቀቱ የሚበርድበት፣ የማስካት ሰው ሁሉ ምንጣፉንና ድስቱን ይዞ ወደ ባሕር የሚወጣበት ነበር። እኛም ወደ ቀንጠብ ለመሄድ ተነሳን። እኔ ሌሊቱን በእሳት ላይ ያደረውን ሀሪስ፣ ስንዴና ሥጋ አንድ ላይ ተቀቅሎ የሚሠራውን ገንፎ፣ በትልቅ ድስት ይዤ ከኋላ ከልጆቹና ከማማ ጋር ተቀመጥኩ። ባባ ነዱ፤ ኻሊድ ከፊት ተቀመጠ። ሰይድ ግቢውን እንዲያጥብ ቀረ።

የቀንጠብ መንገድ ጥቁር ድንጋያማ ተራራ ላይ ይወጣል፣ ይወርዳል፣ ደግሞ ይወጣል። ድስቱ ጭኔ ላይ ነው። የመጀመሪያውን ዳገት ስንይዝ ክዳኑ ይንጣጣ ጀመር። ጫፍ ደርሰን ቁልቁል ስንወርድ ዝም አለ። ደግሞ ስንወጣ ጮኸ። ስንወርድ ዝም። ማማ «ያዢው» አለችኝ። እኔ ግን እጄን አነሳሁ፤ መስማት ፈልጌ ነበር።

አጎቴ ሐርቡ ወፍጮ ቤት ይሠራ ነበር። ልጅ ሳለሁ እህል ተሸክሜ ሄጄ ተራዬን ስጠብቅ ሞተሩን ሳይ ነው የምውለው። አንድ ጊዜ ዘንጉ ከመስመር ወጣ። ባዶውን ሲዞር ምንም አይልም፤ እህል ሲገባበት ግን ቤቱን ያንቀጠቅጠዋል። አጎቴ «ጭነት ሲመጣ የሚንቀጠቀጥ ነገር ሁሉ ዘንጉን እይለት» ይል ነበር። ክዳኑ ሲጮህ ይህ ትዝ አለኝ። ጎማ ዳገትና ቁልቁለት አያውቅም። የተጣመመ ጎማ ቢሆን ስንወርድም ይጮህ ነበር። ሌላም ነገር ነበር። ጠዋት ጠዋት የግቢውን በር የምጠርገው እኔ ነኝ፤ የደፉ ሲሚንቶ ከቅርብ ጊዜ ወዲህ በመኪናው ሆድ እየተፋቀ እንደሆነ አይቻለሁ። መኪናው ወርዷል ማለት ነው። ሞላው አርጅቶ ረግቧል ብዬ አሰብኩ። ሞላ ካረጀ የማንም ጥፋት አይደለም። ልቤ በደስታ ዘለለ።

«ባባ» አልኩ፣ በዚያች በተሰባበረች ዓረብኛዬ፣ «ዳገቱ ላይ እግርዎን ከነዳጁ ያንሱ።»

ማማ ደነገጠች። ባባ በመስተዋቱ አዩኝ። ምን እንደነካቸው አላውቅም፤ እግራቸውን አነሱ። ክዳኑ ዝም አለ። መልሰው ረገጡ፤ ጮኸ። ሦስት ጊዜ አደረጉት። ልጆቹ ጨዋታ መስሏቸው ሳቁ። የሚፋቀውን ደፍ፣ የወፍጮውን ዘንግ፣ ሁሉንም በእጄም በአፌም አስረዳኋቸው። ባባ «ነገ ጋራዥ እንወስደዋለን። አንቺም ትመጫለሽ። እውነት ከሆነ ሰይድን ይቅርታ እጠይቃለሁ» አሉ። ኻሊድ ከፊት ሆኖ አንገቱን አላዞረም። እኔ ባሕሩን እያየ መስሎኝ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ተመልሰን ምንጣፉን ሳራግፍ ለሰይድ ነገርኩት። ይስቃል፣ ያመሰግነኛል ብዬ ነበር። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ጋራዥ? ከሥር ሊያዩት ነው?»

«ታዲያስ። ነጻ ትወጣለህ።»

«ተይው። ተሳስቻለሁ በያቸው።»

«አልተሳሳትኩም።»

«አውቃለሁ» አለ። ይኸው ነው ያለው፣ «አውቃለሁ»። እኔ ፈሪ መሰለኝ። ጌታ ፊት መቆም የሚፈራ ብዙ ሰው አይቻለሁና ከእነሱ ጋር ደመርኩት። ጠዋት መኪና ውስጥ ስገባ በሩን ይዞልኝ ሳለ አሁንም ቀስ ብሎ «ተይው» አለኝ። እኔ በቁጣ ነጠላዬን ሰብስቤ ገባሁ።

ጋራዡ ሐምሪያ ጀርባ ነበር። ሽማግሌው ህንዳዊ መካኒክ መኪናውን በክሪክ አንስቶ ከሥር ገባ። ባባ፣ ኻሊድ፣ ሰይድና እኔ ቆመን ጠበቅን። ሰውየው ወጥቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ ወደ ባባ ዞሮ «አርባብ፣ ጌታዬ፣ ዘንጉ መስመር ስቷል። ሴትዮዋ ልክ ናት» አለ። እኔ ወደ ሰይድ ዞሬ ፈገግ አልኩ። ሰውየው ገና አልጨረሰም ነበር። «ሞላው ግን አላረጀም። ተቆርጧል። በመጋዝ ነው የተቆረጠው። መቁረጡን የሚያውቅ ሰው ነው የቆረጠው።»

ባባ ወደ ሰይድ ዞሩ። በዚያ ቤት መጋዝ ይዞ መኪና ሥር የሚገባ ሌላ ሰው አልነበረም።

«አንተ ነህ?»

ሰይድ ወደ ኻሊድ አየ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር በአንድ ላይ ገባኝ። ባባ ሰላላ ሳሉ ኻሊድ በየምሽቱ መኪናውን ይዞ ከጓደኞቹ ጋር ባሕር ዳር ይሄድ ነበር፤ የጓደኞቹ መኪኖች ሁሉ ዝቅ ያሉ ነበሩ። ሰይድ በማግስቱ በመስኮቱ እንደነገረኝ፣ «ያላ ቁረጠው፤ ለአባቴ እኔ እነግረዋለሁ» ብሎት ነበር። አልነገረም። ሰይድ ሌላ ሞላ ተገዝቶ በዝምታ እስኪለወጥ እየጠበቀ ነበር። እርሻ ቢልኩትም እስከዚያ ሊታገሥ ነበር።

«ኻሊድ፣ ተናገር» አልኩ እኔ።

«ማ አድሪ» አለ፤ አላውቅም ማለቱ ነው። ሲናገር ጫማውን ያያል።

ሰይድ ትንሽ ጠበቀው። ከዚያ «እኔ ነኝ፣ ባባ» አለ።

ባባ አልጮሁም። ቢጮሁ ይሻል ነበር። «ልጆቼ የሚሄዱበትን መኪና ቆረጥክ። ቆርጠህም ዝም አልክ። የጠርዝ ድንጋይ ቢሆን ኖሮ ይቅር እልህ ነበር። ኻላስ፣ በቃ» አሉ። ለኻሊድ አንድም ጥያቄ አልጠየቁትም። ከዚያም በኋላ ስንት ጊዜ ለማማ ብናገር፣ እሷም «ልጄን በሠራተኛ አፍ አላስነካም» ነበር የምትለኝ።

በሦስተኛው ቀን ሰይድን ወደ አገሩ አሳፈሩት። ሻንጣውን ይዞ በኩሽናው መስኮት መጣ። እኔ አለቀስኩ፤ ይቅርታ እንኳ አልጠየቅሁትም።

«አታልቅሺ» አለኝ። «ልክ ነበርሽ እኮ። ዘንጉ ነው።»

ለመኪናው አዲስ ሞላ ገባለት። መኪናው ዳገት ላይ ዝም አለ። እኔ ለኻሊድ ሌላ አንድ ዓመት እራቱን አቀረብኩ፣ ልብሱን ተኮስኩ። ለሰይድ ድምፄን በካሴት ቀድቼ አገር ለሚገባ ሰው ሰጥቼ ላክሁ፤ በካሴቱ ላይ «አውፍ በለኝ» ብዬ ይቅርታ የጠየቅሁትን ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አላውቅም። መልስ አልመጣም።

ኮንትራቴ ሲያልቅ ገና አባቴ ቤት ሁለት ቀን ሳላድር ኮምቦልቻ ሄድኩ። እናቱን አገኘኋቸው። ሰይድ በጅቡቲ በኩል እንደገና ወጥቷል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬው የለም። እንግዳ ነኝ ብለው ቂጣ በማር አቀረቡልኝ። «ብይ ልጄ፣ ብይ እንጂ» ይሉኛል። ስበላ እያዩኝ «ምን አጥፍቶ ነው የመለሱት? ብጠይቀው አልነግር አለኝ። ከዚያ አገር መጥተሻል፤ ታውቂ እንደሆን?» አሉኝ።

ምንም ማለት እችል ነበር። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳቸው። ክዳኑን ሳይቀር። ሰምተው ጨረሱ። አልተቆጡም። ቂጣውንም ከፊቴ አላነሱትም። ግን ከዚያ በኋላ «ብይ» አላሉኝም። እኔም እጄን ሰበሰብኩ። ትክክለኛ ፍርድ ነበር፤ ይግባኝ የለኝም።

ከዚያ በኋላ አገባሁ፣ ወለድኩ፣ አላህ ይመስገን። አሁን ደግሞ ልጄ ቤት፣ እዚሁ ማስካት፣ የልጅ ልጆቼን እዳኛለሁ። አንዱ ሌላውን ከሶ ሲመጣ አሁንም ቶሎ ደሜ ይፈላል፤ እርጅና አላበረደኝም። ሐቅ ይነገር ማለቴንም አልተውኩም፤ ሰይድ ባልሠራው ጥፋት መከሰሱ ያኔም ግፍ ነበር፣ ዛሬም ግፍ ነው። ግን አሁን ለአንድ ልጅ ልሟገትለት ስነሳ መጀመሪያ ለብቻው ወደ ጓዳ እወስደዋለሁ። በሩን እዘጋና «እንዳላገኘው የምትፈልገው ነገር አለ?» እለዋለሁ። ልጆቹ ይገርማቸዋል። አንዳንዴ ያለቅሳሉ፣ አንዳንዴ ይነግሩኛል።

ሰይድ ሦስት ጊዜ «ተይው» ብሎኛል። አንዴም እንኳ «ለምን?» ብዬ አልጠየቅሁትም።