የታችኛው ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ አቶ መኮንን ያስረከቡኝ ኮምፒዩተር ሳይሆን ቢጫ ቀለም የተቀባ ባዶ ጀሪካን ነበር። «ሐይቁ ላይ ጣይውና ወዴት እንደሚሄድ መዝግቢ» አሉኝ። ደሴ ቢሮ የተቀጠርኩ ጀማሪ ባለሙያ ነበርኩ፤ ሥራችን ከከተማው ወጣ ብሎ ያለውን የሐይቅ ውሃ እንቅስቃሴ እየለካን በኮምፒዩተር ሞዴል መሥራት ነው። ዲግሪ ይዤ ጀሪካን ለማባረር! በጣም ነበር የተናደድኩት።

ነፋሱ ሲነሳ በየቀኑ የምጥላቸው ጀሪካኖች ሁሉ ወደ ምሥራቅ ዳርቻ ይነጉዳሉ። በገመድ ወደ ጥልቁ ያወረድነው የፍሰት መለኪያ ግን «ውሃው ወደ ምዕራብ ነው የሚሄደው» ይላል። ተበላሽቷል ብዬ ኮምቦልቻ ለጥገና ላክሁት። ጠጋኙ «ከእኔም ከአንቺም ይልቅ እሱ ጤነኛ ነው» ብሎ መለሰልኝ።

አላመንኩትም። የታችኛውን ውሃ ቁጥር በሙሉ ከሞዴሉ አወጣሁ። ሞዴሉ ከጀሪካኖቹ ጋር ልክክ አለ፤ አቶ መኮንንም አመሰገኑኝ። ደረቴን ነፋሁ።

በዓመቱ ሰይድ የሚባል ወጣት ዓሣ አስጋሪ ታንኳው ተገልብጣ ሰጠመ። ዋናተኞቹ የኔ ሞዴል ባሳየው በምሥራቁ በኩል ሁለት ቀን ሙሉ ፈለጉት፤ የለም። ጀናዛው ካልተገኘ አይታጠብ፣ አይከፈን፣ አይቀበር። አባቱ አባባ እንድሪስ ከፈኑን ታቅፈው ዳር ላይ ቆመዋል።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ላፕቶፔን ይዤ ዳር ላይ ወደ ተቀመጥኩበት መጡ።

«ልጄ፣ ለምን እዚያ ብቻ ትፈልጋላችሁ?»

«ውሃው ወደዚያ ስለሚሄድ ነው አባባ።»

«የላዩ ነዋ! ወላሂ፣ ሠላሳ ዓመት መረብ ስጥል ላዩ ወዲያ፣ እግሩ ወዲህ ነው የሚያጋድል። ልጄ ደግሞ ታች ነው ያለው።»

ላፕቶፑን ከፍቼ የሰረዝኩትን ቁጥር መለስኩና ሞዴሉን እንደገና አስኬድኩት። ነፋስ ገፍቶ ምሥራቅ ዳርቻ ያከማቸው ውሃ ወደ ታች ይወርድና በጥልቁ ወደ ምዕራብ ይመለሳል። ዓመት ሙሉ በታንኳ የተመላለስኩበት ጸጥ ያለ ሐይቅ፣ ለካ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አንዱ ባንዱ ላይ። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም፤ ደስታም ፍርሃትም ነው የተሰማኝ።

«አባባ፣ መሣሪያው ይህን ነግሮኝ ነበር» አልኳቸው። «ስህተት ነው ብዬ የሰረዝኩት እኔ ነኝ።»

«እንግዲያው ለዋናተኞቹ ቶሎ ንገሪያቸው» አሉኝ አባባ እንድሪስ።

ከቀትሩ የዙህር ሶላት በፊት ሰይድ በምዕራቡ በኩል ተገኘ። በዚያው ቀን ተቀበረ። ለቅሶ ስደርስ አባቱን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም። «አብሽሪ ልጄ» አሉኝ፤ እኔ ላጽናናቸው ሄጄ።

ዛሬ ከፍተኛ ባለሙያ ነኝ፤ አዲስ ለሚቀጠሩት የምነግራቸው አንድ ነገር ነው። ከሞዴላችሁ ጋር አልገጥም ያለን ልኬት ሳታጣሩ አትሰርዙ። እኔ የሰረዝኩት አንድ ዓምድ ቁጥር አንድን አባት ከነከፈኑ ሁለት ቀን አቁሟል።