የበረዶው መንገድ ጠረጴዛ

ከሁለቱ እህትማማቾች ታላቅየዋ በአባቷ የጭነት ማስተላለፊያ ቢሮ ውስጥ አደገች ማለት ይቻላል። ፊደል የቆጠረችው ካርቶን ላይ ከተጻፈ አድራሻ ነው። ከተራራው ማዶ ላሉት፣ መንገዳቸው የዓመቱን ግማሽ በበረዶ ለሚዘጋባቸው መንደሮች ዕቃ መላክ የእሷ ሥራ ነበር። ድንችና ቀለም እንዳይቀዘቅዙ ከመኪናው ግድግዳ ርቀው፣ በዱቄት ጆንያ ታቅፈው መሃል ላይ ይጫናሉ። የመድኃኒት ጠርሙስ በብርድ ልብስ ይጠቀለላል። ሾፌር ሲመረጥ ፍጥነቱ ሳይሆን ትዕግሥቱ ይታያል። ይህን ሁሉ ያስለመደች እሷ ናት። የመንደሮቹ ስልክ የሚጮህበት፣ መስኮቱ ሥር ያለው ጠረጴዛም የእሷ ነበር።

ከዚያ ታናሽየዋ መጣች። መጀመሪያ ደረሰኝ ስታያይዝ ቆየች፤ ቀስ በቀስ ግን ከማዶ የሚደውሉት ሰዎች «ያቺ ትንሿ የለችም?» ማለት አመጡ። ታላቅየዋ «እኔስ ምን አነሰኝ?» አትልም። ስልኩን ታቀብልና እርሳሷን ትቀርጻለች። በዚያ ሰሞን ስንት እርሳስ እንዳለቀ ቢሮውን የምትጠርገው ሴትዮ ታውቃለች።

አባትየው ጉልበታቸው ሲደክም ሁለቱንም ጠሯቸው።

«ዘንድሮ የበረዶውን መንገድ ትንሿ ትሞክረው። የመጀመሪያ ጭነቷ በደህና ከገባ ጠረጴዛው የእሷ ነው፤ አንቺ የከተማውን ትይዣለሽ።»

«እሺ አባዬ» አለች ታላቅየዋ። ወዲያው እርሳሷን አንስታ መቅረጽ ጀመረች።

ጭነቱ የሚወጣ ዕለት ጠዋት በመስኮት ስታይ፣ ነዳጅ ቀጂው ለመኪናው ተራውን ናፍጣ ይቀዳል። ተራ ናፍጣ ተራራው ላይ በብርድ ይረጋል፤ ሞተሩ ይጠፋል፤ ሾፌሩ ከነጭነቱ በረዶ መሃል ይቀራል። ለዚያ መንገድ የብርድ ናፍጣ ነው የሚቀዳው።

ልቧ ዘለለ። የዘለለው በድንጋጤ ቢሆን ኖሮ ደግ ነበር፤ በደስታ ነው። «እስቲ ትቅመሰው!» አለች በሆዷ። ታናሽየዋ ግቢው ውስጥ ጫኞቹን እያሳቀች፣ ድንቹን መሃል፣ ዱቄቱን ዳር ታስደረድራለች። «አጫጫኑን እንኳ ከእኔ የቀዳችውን!» አለች ታላቅየዋ፤ በእጇ የያዘችው እርሳስም ተሰበረ።

ከምሳ በኋላ ሾፌሩ ሊነሳ መጣ። አፉ ስለማያርፍ «ዝምተኛው» ይሉታል። ሞተሩን አስነስቶ ከልጁ ጋር በስልክ ሲያወራ ድምፁ እስከ መስኮቱ ተሰማ። «በረዶ ላምጣልሽ? በረዶማ ኪሴ ውስጥ ውሃ ሆኖ እናትሽ ሌላ ነገር ትጠረጥራለች!»

ታላቅየዋ ጃኬቷን እንኳ ሳትደርብ ሮጣ ወረደችና መኪናው ፊት ተገተረች።

«አጥፋው! አጥፋው ብያለሁ!»

«ምነው እትዬ! ሚስቴ እንኳ እንዲህ መንገድ ዘግታብኝ አታውቅም።»

«ናፍጣው ተራ ነው፤ ተራራው ላይ ይረጋብሃል!»

ዝምተኛው ሳቀ። «ተራራው ሥር እስክደርስ የሚበቃኝን ብቻ ነው የተቀዳልኝ። እዚያ ሊያልቅ ሲል የብርዱን እሞላለሁ። ትንሿ እዚያ ካለው የማደያ ሰውዬ ጋር ተነጋግራ አስቀምጣልኛለች። የዚያ ማደያ ናፍጣ ለዚያው ብርድ የተሠራ ስለሆነ ይታመናል አለችኝ።»

ይህን ታላቅየዋ አስባው አታውቅም።

ታናሽየዋ የጭነቱን ወረቀት ይዛ፣ ወሬውን እየሰማች ደረሰች። «እታለም፣ ለእኔ ብለሽ ነው እንዲህ የሮጥሽው?» አለች ፈገግ ብላ። ከዚያ ፈገግታዋ ቀስ እያለ ከፊቷ ወረደ። «ግን ነዳጁ የተቀዳው ጠዋት ነው። መቼ አየሽው?»

«አሁን» ብትል ማን ይመሰክርባታል? ዝምተኛው እንኳ በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም አለ።

«ጠዋት» አለች።

ታናሽየዋ ወረቀቱን ለሾፌሩ አቀብላ «በል በሰላም ግባ» አለችው፤ መኪናው ወጣ።

ታላቅየዋ ወደ ቢሮው ተመልሳ መሳቢያዋን ሣጥን ውስጥ ማራገፍ ጀመረች።

«ምን ያስቸኩልሻል? ጭነቱ ገና አልገባም እኮ» አሉ አባትየው።

«ይገባል» አለች፤ ጥርሷን ነክሳ።

ታናሽየዋ ከኋላዋ ገብታ ሣጥኑን ልታግዛት እጇን ዘረጋች።

«ተዪው! ይህን እንኳ ለብቻዬ ልያዘው።»