ትሬንት ዳር የወደቀ ጥላ

ጋሼ ኅሩይ ከፓርኪንግ ሥራ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ሎስ አንጀለስ፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ የማይገቡበት ሱቅ የለም፤ ከአንዱ በቀር። እሱም የእትዬ ተናኘወርቅ የባህል ልብስ መሸጫ ነበር። ከበር ላይ ሰላም ብለው ያልፋሉ። የሚፈሩት ሴትዮዋን ሳይሆን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ፎቶ ነው።

በፎቶው ላይ የእትዬ ታናሽ ወንድም ፍቅረማርያም እንግሊዝ አገር፣ ትሬንት ወንዝ ዳር ቆሞ፣ ትልቅ ዓሣ አቅፎ ይስቃል። ከፊቱ ሣሩ ላይ የፎቶ አንሺው ጥላ ተጋድሟል። ጥላው የጋሼ ኅሩይ ነው።

ከአርባ ዓመት በፊት ሁለቱ ኖቲንግሃም አብረው ይማሩ ነበር። ዓሣ ማጥመድ ያስተማሯቸው ሽማግሌው አከራያቸው ናቸው። መንጠቆው ላይ ትል መሰካት፣ ውኃው ላይ የሚንሳፈፈውን ቀይ ቡሽ ዝም ብሎ ማየት፣ የተያዘውን ዓሣ መዝኖ መልሶ ወንዙ ውስጥ መልቀቅ። ፍቅረማርያም መጀመሪያ የማይበላ ዓሣ ምን ያደርጋል ብሎ ስቆ ነበር። ኋላ ግን ከኅሩይ ይልቅ እሱ ወንዙን ወደደ።

ፎቶው በተነሣበት ቀን ወንዙ ሞልቶ ነበር። የኅሩይ መንጠቆ ውኃ ውስጥ ቅርንጫፍ ያዘው። ቦት ጫማ ያደረገው ፍቅረማርያም ስለነበር እንዲያላቅቅለት ለመነው። ዳርቻው ተናደና ፍቅረማርያምን ውኃው ወሰደው። ኅሩይ የማጥመጃ ዘንጉን ዘረጋለት፤ አልደረሰም። የመኖሪያ ፈቃዱ ጊዜ አልፎበት ስለነበር ከመንገድ ዳር ስልክ ለፖሊስ ደውሎ፣ ስሙን ሳይናገር ሄደ። አስከሬኑ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ዳርቻው ላይ የቀረው ካሜራ ለቤተሰቡ ተላከ።

ሎስ አንጀለስ ላይ በዘነበ ቁጥር፣ በፌርፋክስ አስፋልት ጠርዝ በሚሮጠው ጎርፍ ውስጥ፣ ጋሼ ኅሩይ ቀይ ቡሽ ይታያቸዋል።

ባለፈው ጥር እትዬ ተናኘወርቅ ከሱቃቸው ወጥተው ወደ ውስጥ ጠሯቸው። ዓይናቸው እንደደከመ ነግረው፣ ፎቶው ውስጥ ሣሩ ላይ ያለው የሰው ጥላ ይሁን የዛፍ እንዲያዩላቸው ለመኗቸው። ፖሊስ ወንድማቸው ብቻውን እንደነበር ጽፎላቸው ነበርና ነገሩ ዕድሜ ልካቸውን ሲያስጨንቃቸው ኖሯል።

“የእኔ ነው፣ እትዬ” አሉ ጋሼ ኅሩይ። እዚያው ቆመው ሁሉንም ነገሯቸው።

እትዬ ወደ ፎቶው ዞሩ።

“ወንድሜ ጠርቶህ ነበር?”

“አዎ። ስሜን ጠራ።”

“አንተስ?”

“ድምፅ አልወጣልኝም።”

የዚያን ቀን እትዬ ሱቃቸውን በጠዋቱ ዘጉ። ለወራትም አላነጋገሯቸውም። በግንቦት መጨረሻ ግን ደውለው እንግሊዝ አገር፣ ወንዙ ድረስ እንዲወስዷቸው አዘዟቸው።

በሰኔ ሄዱ። ዓሣ አጥማጆች ዳር ዳሩን ተቀምጠዋል። እትዬ ውኃውን እያዩ “በል ጥራው” አሉ። ጋሼ ኅሩይ ወደ ውኃው ቀረብ አሉ። ከዚያ ፍቅረማርያም እያሉ ጮኹ፤ አጥማጆቹ ዞረው እስኪያዩዋቸው ድረስ ደጋግመው ጮኹ። እትዬ የሚመጣ መልስ ያለ ይመስል አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ቆዩ።

ይቅር ብዬሃለሁ አላሏቸውም። አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቁ ውስጥ አስቀምጠው ስለ ወንድማቸው ይጠይቋቸዋል፤ ምን ይበላ እንደነበር፣ ምን ያስቀው እንደነበር። ጋሼ ኅሩይ የሚያስታውሱትን ይነግሯቸዋል። የረሱትን ረሳሁት ይላሉ።