መርሳ ላይ ያጠበቅኳቸው አራት ብሎኖች

ትናንት አንድ ደንበኛ በውሃ የሚቀዘቅዝ ኮምፒውተር ሱቄ ድረስ አመጣልኝ። ሰክቼ ሳበራው ቱቦው ውስጥ የቀረ አየር «ጉርርር» ብሎ አለፈ። ሰውየው ልብም አላለው። እኔ ግን ካቻቢቴዬን ጥዬ በሩ ጋ ደርሻለሁ። «ምነው፣ ነዘረሽ እንዴ?» ሲለኝ፣ «አይ፣ ሰው የጠራኝ መስሎኝ ነው» አልኩት። ስፈራ ውሸት ቶሎ ይመጣልኛል። ይኼ ጠባዬ የዛሬ አይደለም፤ ያን ክረምት መርሳ ላይም እንዲሁ ነበር የመጣልኝ። ላጫውታችሁ።

ወልዲያ ኮሌጅ ስማር አንዲት ባልንጀራ ነበረችኝ። አባቷ የቆርቆሮና የሚስማር ነጋዴ ነበሩ። ከትግራይ መጥተው ወልዲያ ከከተሙ እሷ ከመወለዷ በፊት ነው፤ እሷ ከወልዲያ ሌላ አገር አታውቅም ነበር። ከሁለት ዓመት በላይ አሮጌ ዕቃ እየለቃቀመች አንድ ኮምፒውተር ገጣጠመች። ለልጆች የሚሆን የካርቱን ፊልም ልትሠራበት ነበር ሐሳቧ። ማሽኑ ሥራ ሲበዛበት እየጋለ ቢያስቸግራት፣ አንድ ቀን የማሽኑን አንጎል፣ የፕሮሰሰሩን የብረት ክዳን በምላጭ ፈልቅቃ አነሳችው። እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስገልጥ የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል፣ መስታወት የመሰለች ነገር ራቁቷን ቀርታለች። በዚያች ላይ፣ እንዲያቀዘቅዛት፣ ውሃ በውስጡ የሚዞር የመዳብ ብሎክ ይቀመጣል፤ አራት ማዕዘኑ በአራት ብሎን ይታሰራል።

«አንዱን ማዕዘን ቀድመሽ ካጠበቅሽ እንደ ብስኩት ነው የምትሰነጠቀው» ትለኝ ነበር። ብሎኩን ሁልጊዜ የምትገጥመው እሷ ናት። የእኔ ሥራ በስልኬ መብራት መያዝና መተንፈስ ማቆም ነበር። ከክፍሏ መስኮት ሥር የዘይቱን ዛፍ ስለነበረ፣ እስከ ዛሬ የበሰለ ዘይቱን ሲሸተኝ ከብሎኩ ሥር የምትቀባው ነጭ ቅባት ሽታ አብሮ ይመጣብኛል።

ጦርነቱ በቆቦ በኩል ሲቃረብ ከባድ መሣሪያው ቀን በቀን ቆርቆሮውን ያንቀጠቅጠው ጀመር። አባቷ ቀድመው ደሴ ገብተዋል። እኔ መርሳ አክስቴ ዘንድ ልሄድ፣ እሷ አልፋ አባቷ ዘንድ ልትሄድ ተነሳን። ኮምፒውተሩን ጥላ እንድትሄድ ለመንኳት፤ በጄ አላለችም። መንገድ ላይ እንዳይፈስ ውሃውን አፍስሰን፣ ብሎኩን ፈትተን በነጠላ ጠቀለልነው። ራቁቷን ቺፕ በጥጥ ሸፈንን። ማሽኑን ራሱን፣ ቱቦውን፣ ፓምፑን፣ ሽቦውንና የተጣራ ውሃ የያዘውን ፕላስቲክ በማዳበሪያ ከረጢት ከተትን። እንግዲህ ሁለት የኮምፒውተር ተማሪዎች በጦርነት መሐል መዳብ፣ ሽቦና ፈሳሽ በከረጢት ይዘን ስንሄድ ምን እንደምንመስል አንዴም አላሰብንም። ሞኝነታችን!

ሲሪንቃን አልፈን መርሳ መግቢያ ላይ ኬላ ነበር። ሰዉን ሁሉ ከሚኒባሱ አወረዱት። አንድ ዱላ የያዘ ወጣት ከረጢታችንን ጭቃው ላይ ዘረገፈውና፣ ቱቦውን ሲያይ ወደ ኋላ ዘለለ። «ፈንጂ ነው!» አለ። ሰዉ እየተጋፋ ሸሸ። ማን መሆኑን ያላወቅሁት አንድ ሰው መታወቂያዋን ነጠቀና የአባቷን ስም ጮክ ብሎ አነበበ። ስሙ የትግራይ ነበር፤ የሸሸው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ።

የሚሊሻዎቹ አለቃ ጢማቸው የሸበተ ሽማግሌ ነበሩ፤ አሮጌ ጠመንጃ አንግተዋል። እሷን ሻይ ቤቱ በር ላይ ካለ አግዳሚ ላይ አስቀመጧት፣ ሁለት ወጣቶችም በግራና በቀኝ ቆሙባት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንች ልጅ፣ ይች ምንሽ ናት?»

ዱላውን አየሁ፤ መታወቂያዋን የያዘውን እጅ አየሁ። «ዕቃ የምጠግንላት ደንበኛዬ ናት» አልኩ። ይኼ ያነሰኝ ይመስል፣ «ብዙም አላውቃትም» ጨመርኩበት።

በእኔና በእሷ መካከል አምስት እርምጃ አይሆንም። ሰምታለች። ቀና ብላ አላየችኝም።

«ደግ» አሉ ሽማግሌው፣ «ጠጋኝ ከሆንሽ ግጠሚውና እንየው። ኮምፒውተር ከሆነ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ይታያል። ካልሆነ ልጅቱ ወደ ጣቢያ ትሄዳለች።» በዚያ ሰሞን ወደ ጣቢያ ከተወሰደች ማን እንደሚመልሳት አላውቅም ነበር። እሷን ዕቃው አጠገብ ሊያስጠጓት አልፈቀዱም። በውሸቴ የተነሳ ሥራው እኔ ላይ ወደቀ፤ እኔ ደግሞ ብሎክ ገጥሜ አላውቅም።

የሻይ ቤቱ ባለቤት «ቤቴን ልታፈነዱብኝ ነው!» እያለች ብርጭቆዋን ሰብስባ ወጣች። ሌላውም ተከትሎ ወጣ። ሽማግሌው ግን በርጩማ ስበው አጠገቤ ተቀመጡ። «አብሽሪ» አሉኝ፣ «ቢፈነዳም አብረን ነው።» የሚያጽናና ነገር መናገራቸው ነበር መሰለኝ።

ጥጡን አነሳሁ። ቅባቱን ቀባሁ። ብሎኩን አስቀመጥኩና የመጀመሪያውን ብሎን ያዝኩ፤ ካቻቢቴው ሦስት ጊዜ አዳለጠኝ። ቺፗ ከተሰነጠቀች ቴሌቪዥኑ ላይ ምንም አይመጣም፣ እሷም ትወሰዳለች። አንዱን ማዕዘን ማጥበቅ ስጀምር ከበሩ ድምፅዋ መጣ።

«ቆይ። መጀመሪያ አራቱንም በእጅ ብቻ አስይዢ።»

ከጠባቂዎቿ አንዱ «ዝም በይ!» አላት። ሽማግሌው ሳይዞሩ «ተዋት፣ ትንገራት» አሉ።

«አሁን ሩብ ዙር። ከዚያ የፊት ለፊቱን ሳይሆን በሰያፍ ያለውን። ሩብ ብቻ። አሁን ሦስተኛውን... አትቸኩይ።» ድምፅዋ ክፍሏ ውስጥ ሆነን መብራት ስይዝላት የምሰማው ድምፅ ነበር፤ ቁጣም ቅሬታም የለበትም። ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር። እንባዬ ዕቃው ላይ እንዳይንጠባጠብ ፊቴን በትከሻዬ እየጠረግሁ፣ ሩብ በሩብ፣ በሰያፍ በሰያፍ አራቱንም አጠበቅሁ።

ቱቦውን አገናኝቼ ውሃውን ላፈስ ስል ባለዱላው ወጣት መጣና «ምን ውሃ ነው? ትጠጣው!» አለ። ፕላስቲኩን ወሰደላት። ተቀብላ ሁለት ጊዜ ተጎነጨችና አፏን በእጇ ጠረገች። የተረፈውን ጨመርኩት።

ሽቦውን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁ። መብራት ነበረ፣ አልሐምዱሊላህ። «ቢስሚላህ» ብዬ ማብሪያውን ተጫንኩ። ፓምፑ ተነሳ፣ አየሩም በቱቦው ውስጥ «ጉርርር» አለ። በሩ ላይ ያለው ሰው ተንጋግቶ ጭቃው ላይ ወደቀ። ሽማግሌው ጉልበቴን ጨምቀው ያዙኝ። ቴሌቪዥኑ ላይ ሰማያዊ ብርሃን ብቻ ነበር። ሰማያዊ። አሁንም ሰማያዊ። ሰነጠቅኳት አልኩ በልቤ፤ ገደልኳት።

ከዚያ ምስሉ መጣ።

ኮምፒውተሯ ሲከፈት መጀመሪያ የሚመጣው ፎቶ ያ እንደነበር ረስቼው ነበር። ኮሌጁ ግቢ ውስጥ የተነሳነው ነው። እኔና እሷ አንገት ለአንገት ተቃቅፈን፣ እኔ የእሷን ሻርፕ ለብሼ፣ ከሳቄ ብዛት ዓይኔ ጠፍቶ። ያ ሁሉ የሻይ ቤቱን ግድግዳ በሚያክል ቴሌቪዥን ላይ።

ሰዉ ፎቶውን አየ፤ እኔን አየ። ሽማግሌው እጃቸውን ከጉልበቴ አነሱ።

«አላውቃትም አላልሽም?»

ወጣቱ ዱላውን ወደ ሌላ እጁ አዛወረ። መልስ የሰጠችው እሷ ናት፣ ከአግዳሚው ተነስታ።

«አባባ፣ እህቴ ናት። ፈርታ ነው እንዲያ ያለችዎት። አይፍረዱባት።»

ሽማግሌው ጢማቸውን አሻሹ። «ማን አልፈራ፣ ልጄ» አሉ። «እኔ ራሴ ያ ነገር ሲያጉረመርም ልሞት ነው ብዬ ሸሃዳዬን ይዤ ነበር።» መታወቂያዋን ከሰውየው ተቀብለው በእጇ ሰጧት። «ሂዱ፣ አላህ ይጠብቃችሁ።»

ዕቃውን አብረን አሸግን። ፈርቼ ነው ልላት ነበር፤ ቀድማ ብላልኛለች። ይቅርታ ልላት ነበር፤ ቱቦውን መጠቅለል ያዝኩ። ብሎኖቹን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ «በደንብ ነው ያጠበቅሽው» ብቻ አለችኝ። አክስቴ ዘንድ እንድታድር አልለመንኳትም። ሰፈሩ ምን ይለኛል ብዬ ነው፤ ዛሬ ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል።

የደሴው መኪና ሲነሳ ከረጢቱን ጭኗ ላይ እንደ ሕፃን ታቅፋ መስኮቱን ከፈተችው። ሞተሩ ይጮኽ ስለነበር አንገቷን አወጣች።

«ፎቶውን አልቀይረውም!» አለችኝ።

እጄን እንኳ አላነሳሁላትም፤ ሰው እያየኝ ነበር። ከጥቂት ቀን በኋላ መርሳም ተያዘች፣ የስልክ መስመርም ተቋረጠ። መስመሩ ሲመለስ የእሷ ቁጥር አልሠራም። አሁንም አልፎ አልፎ እደውላለሁ። ፎቶውን ቀይራው እንደሆነ አላውቅም።